ሰባት ቤትና የምራቅ ብልቃጥ

ባለፈው ጥር፥ መንገዱ ሰላም በሆነበት በአንዱ ሳምንት፥ ከጎንደር ተነሥተን ወደ መተማ ቆላ ወረድንና ሽንፋ ገባን። የወረድነው ለጋዜጣ ሥራ አልነበረም። ከዩኒቨርሲቲ አብሮን የተመረቀ፥ ዛሬ የእርሻ ባለሙያ ሆኖ በዚያ የሚሠራ አንድ ወዳጃችን ሚስት ሊያጭ ሽማግሎች ስለ ላከ፥ በዚያ ቀን ከጎኑ እንድንሆን ጠርቶን ነው። ስለ ሙቀቱ አናወራም፤ ቆላ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል፥ ላልወረደ ደግሞ ቢነግሩት አይገባውም።

ሽንፋ የወንዝም የከተማም ስም ነው። ወንዙ ከጣና በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ ቆላውን ያቋርጥና ሱዳን ሲገባ ራሃድ ተብሎ በመጨረሻ ከዐባይ ይቀላቀላል። አገሩ የሰሊጥ፥ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። ሕዝቡም ከአንድ ሥፍራ የበቀለ አይደለም። ጉሙዙ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ ከጭልጋ፥ ከደምቢያና ከአርማጭሆ የወረደው አለ፤ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ከወሎ በመኪና ተጭኖ የመጣው አለ፤ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም የወረደው አለ፤ ለአረምና ለአጨዳ መጥቶ ዝናብ ሲይዘው የቀረውም ቁጥሩ ቀላል አይደለም። እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር "የማን ልጅ ነህ?" የሚለው ጥያቄ እንደ ደጋው በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። የወዳጃችንም ጣጣ የመጣው ከዚሁ ነው።

ሽማግሎቹ ቡናው ሁለተኛ ከፈላ በኋላ ወደ ጉዳዩ ገቡ። የልጅቱ አባት ታላቅ ወንድም የጭልጋ ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው በአባት በኩል እስከ ሰባት ቤት እንደ ዳዊት ወረዱት። አያት፥ ቅድመ አያት፥ ቅማት፥ ሽማት፥ ምንዥላት እያሉ ሲቆጥሩ አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፉም። በእናት በኩል ደግሞ ልጅቱ የወሎ ናት፤ እናቲቱ በ1995ቱ ሠፈራ የወረዱ ሲሆኑ የእርሳቸውን ትውልድ የሚቆጥር አንድ አጎት ቀርቦ እስከ ስድስት አደረሰው፤ ሰባተኛውን "ደብዳቤ ጽፌ አስጠይቃለሁ" አለ። ተራው ወደ ወዳጃችን ዞረ። ከዚህ ዓለም የተለዩት አባቱ የደምቢያ ሰው ነበሩና የአባቱ ወገን ያለ ችግር ተቆጠረ። "በእናትስ?" ተባለ።

እናቱ ከጓዳ በር አጠገብ ተቀምጠው ነበር። "አባቴ እገሌ ይባላል" አሉና የአንድ ሰው ስም ጠሩ። ሽማግሎቹ ቀጣዩን ስም ጠበቁ። ሴትዮዋ ግን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን አያውቁትም። የመጡት በ1977 ዓ.ም. ወደ ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ነው፤ እናታቸው በመንገድ ላይ ሞቱ፥ አባታቸው ቀድመው አርፈዋል፥ ያሳደጓቸውም በአንድ መኪና ላይ የተገናኙ አንዲት ባዳ ሴት ናቸው። ሽማግሎቹ ተያዩ። ሁለቱም እናቶች ወሎዬ ከሆኑ፥ ከአንድ ቤት ሊሆኑ አይችሉምን? ነገሩ ተራ ሥጋት አይደለም። "ይጣራና ከፋሲካ በኋላ እንገናኝ" ተብሎ ተለያየን።

ያን ቀን ማታ ወዳጃችን አንዲት ከመጽሐፍ የማትበልጥ የካርቶን ሣጥን ከአልጋው ሥር አወጣና አሳየን። ዋሽንግተን የሚኖር አንድ የሠፈሩ ልጅ ለዕረፍት ሲመጣ ያመጣለት የዲ ኤን ኤ መመርመሪያ ነው። ውስጧ አንዲት የፕላስቲክ ብልቃጥ አለች፤ ሰው በርሷ ላይ ምራቁን ተፍቶ፥ ከድኖ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል፤ ከሳምንታት በኋላም መልስ በኮምፒዩተር ይደርሰዋል። ዋጋዋ ወደ መቶ ዶላር ይጠጋል። "ይህች አትፈታውም?" አለን። እኛም የተማርነውንና ያነበብነውን ያህል ስንነግረው አመሸን። ጥያቄው የእርሱ ብቻ ስላልመሰለን እዚህም ልናሰፍረው ወደድን።

የሰው ልጅ በእያንዳንዱ የሰውነቱ ክፍል ውስጥ ከእናቱና ከአባቱ እኩል የወረሰውን የዘር ጽሑፍ ይዞ ይኖራል። ዲ ኤን ኤ የሚባለው ይኸው ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንዱ ክፍል ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይተላለፋል፤ ሌላው ትንሽ ክፍል ከእናት ወደ ልጆቿ ሁሉ ይተላለፍና በሴቶች ልጆቿ በኩል ብቻ ይቀጥላል። የቀረው እጅግ ብዙው ክፍል ግን በየትውልዱ እንደ ካርታ ይበወዛል። ልጅ ከእናቱ ግማሹን ይወስዳል፤ ከአያቱ ሩቡን ገደማ፥ ከቅድመ አያቱ ስምንተኛውን ገደማ። እንዲህ እየተካፈለ ሲሄድ አንድ ቦታ ላይ ያልቃል። የአያት ልጆች፥ ማለትም የወንድማማች ልጆች፥ በምርመራው ሳይገናኙ አይቀሩም። የሦስተኛ ደረጃ የአጎት ልጆች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ይገናኛሉ። በአራተኛው ደረጃ ዕድሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው።

አሁን እስቲ የሽማግሎቹን ቆጠራ ከዚህ ጋር እናስተያየው። በሰባተኛው ቤት የሚገናኙ ሁለት ሰዎች በፈረንጅ አቆጣጠር የስድስተኛ ደረጃ የአጎት ልጆች ናቸው። በዚያ ርቀት ካሉት ዘመዳሞች ብዙዎቹ የሚጋሩት አንዳች የዲ ኤን ኤ ቁራጭ አይኖራቸውም። በመካከላቸው ዝምድና የለም ማለት አይደለም፤ ዝምድናው በደም ላይ ያስቀመጠው ምልክት ጠፍቷል ማለት ነው። ስለዚህም ወዳጃችንና እጮኛው ሁለቱም ምራቃቸውን ቢልኩ፥ መልሱ "ቅርብ ዘመድ ናችሁ" ቢል ይታመናል፤ "አልተገናኛችሁም" ቢል ግን የጭልጋውን ሽማግሌ ጥያቄ አልመለሰውም። እርሳቸው የጠየቁት ላቦራቶሪው ከሚያይበት አልፎ ነው! ይህን ስንነግረው ወዳጃችን ሣቀ፤ እኛ ግን እንደ ተማረ ሰው ትንሽ አፈርን፤ "ኋላ ቀር ልማድ" እያልን ስንዘልፈው የኖርነው ቆጠራ ከመሣሪያው ይልቅ ሩቅ መሄዱን አስበንበት አናውቅም ነበርና።

ሽማግሎቹንም ቢሆን ከመጠን በላይ አናወድስ። በሰባተኛው ቤት ላይ እያንዳንዱ ሰው 128 ወላጆች አሉት። አንድም ሽማግሌ 128ቱን ሲቆጥር ሰምተን አናውቅም። የሚቆጠረው የሚታወሰው መሥመር ነው፤ የሚታወሰውም ለማስታወስ ምክንያት የነበረው ነው።

ምክንያቱም መሬት ነበር። በጎንደርና በጎጃም የርስት ሥርዓት ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ተወልዶ ከመጣበት ከዋናው አባት ስም ድርሻውን ይጠይቅ ነበር። ትውልዱን መቁጠር ያልቻለ በዳኛ ፊት አፉ ይያዛል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ አላን ሆበን በዳሞት ተቀምጦ ያጠናውን በ1973 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ሲያወጣ፥ ገበሬው ትውልዱን የሚያጠናው ለወግ ሳይሆን ለሙግት እንደ ነበረ በሰፊው አሳይቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ያመጣውን ለውጥ እዚህ አንዘረዝርም። ከርስቱ ጋር ግን የትውልድ ቆጠራ ዋናው ሥራው ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የሚጠራው ለሠርግ ብቻ ሆነ። ለሠርግ ብቻ የሚታወስ ነገር ደግሞ፥ በተለይ ወጣቱ ከተማ ለከተማ ሲጋባ፥ ዕድሜው አጭር ነው።

መዝገብስ የለንም ወይ? አለን፤ ነገር ግን ፈረንጅ በለመደው መንገድ አይፈለግም። በአውሮጳ የቤተ ሰብ ታሪክ የሚፈልግ ሰው የቤተ ሰቡን ስም ይዞ በየቤተ ክርስቲያኑና በየማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ወደ ኋላ ይወርዳል፤ ስሙ ሦስት መቶ ዓመት ያው ነው። እኛ ዘንድ የአባት ስም በልጅ ልጅ ጊዜ ተረስቶ ሌላ ይተካል። የእኛ ስም የአያታችንን ይነግራል፥ የቅድመ አያታችንን ግን አይነግርም። በዚያ ላይ የክርስትና ስምና የዓለም ስም አለ፤ በአንዱ ተጠምቆ በሌላው የሚከሰስና የሚከስስ ሰው በሁለት መዝገብ ሁለት ሰው ይመስላል። የልደት ምዝገባም ቢሆን አዲስ ነገር ነው፤ አዋጁ በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ሥራው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ገጠር ተወልዶ በልደቱ ቀን የተመዘገበ ሰው ብርቅ ነው።

የሆነ ሆኖ ወረቀት ሞልቶናል። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታ፥ ሽያጭና ውርስ ከነምስክሮቹ ስም ተጽፎ ይገኛል፤ የታሪክ ሊቁ ዶናልድ ክራሚ ዕድሜውን ያሳለፈው ይህንኑ ሲያነብ ነው። እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ሰው እንደ መሆናቸው፥ በእርሳቸው ዘመን ቋረኞች የተባሉት ዘመዶቻቸው ጎንደርን ሲሞሏት የስማቸውና የርስታቸው ነገር በብዙ ቦታ ተጽፏል። ለተራው ሰው ደግሞ የግብር ደረሰኝ፥ የፍርድ ቤት ፋይል፥ የትምህርት ቤት መዝገብ፥ የዕድርና የማኅበር ደብተር አለለት። ከአንባቢዎቻችን መካከል የአያቱ የግብር ደረሰኝ በሣጥን ሥር ከብል ጋር የሚታገል ስንቱ ነው? እባካችሁ አውጡትና አንብቡት፤ ቢያንስ ፎቶግራፍ አንሡት።

አንድ ጊዜ በትክክል የተጻፈ ወረቀት ምን ያህል እንደሚሠራ ለመረዳት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንሻገር። በ1888 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የባሕር ኃይል በቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን ይዞ ብዙ የኦሮሞ ልጆችን ወደ ኤደን አደረሰ። ከነዚህም 64ቱ በ1890 እ.ኤ.አ. ሎቭዴል ወደሚባለው የደቡብ አፍሪካ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተላኩ። ሚሲዮኖቹ እያንዳንዱን ልጅ አስቀምጠው የአባትህ ስም ማን ነው፥ አገርህ የት ነው፥ ማን ያዘህ፥ ስንት ጊዜ ተሸጥህ እያሉ ጠይቀው ጻፉ። ከልጆቹ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባል ነበር። የልጅ ልጇ ከአፓርታይድ ጋር ታግሎ በሮበን ደሴት አሥር ዓመት የታሰረው የቋንቋ ሊቅ ኔቪል አሌክሳንደር ነው። የታሪክ ምሁሯ ሳንድራ ሮዎልት ሼል በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ የ64ቱን ልጆች ታሪክ የሠራችው በዚያ የቃል መዝገብ ነው። እዚያ ምራቅ የተፋ የለም። አንድ ሰው ልጆቹ ገና ሳይረሱ ጠይቆ ጻፈ፥ ይኸው ነው። መተማም በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከጎንደር ወደ ሱዳን የሚወርደው ንግድ በር ነበረችና በገበያዋ ከቡናና ከሰም ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር፤ በዚያ በር ያለፉትን ልጆች ግን አስቀምጦ ስማቸውን የጠየቀ አልነበረም።

የዲ ኤን ኤ ነገር ሲነሣ የቋራውን ሰው አለማንሣት አይቻልም። ከሽንፋ ብዙም ሳይርቅ ያደገው ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ፥ ጠላቶቹ እናቱን ወይዘሮ አትጠገብን "ኮሶ ሻጭ ነበረች" እያሉ ይሳለቁበት ነበር፤ ወዳጆቹ ደግሞ ትውልዱን ከሰሎሞን ያደርሱለት ነበር። ንጉሡ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሱን ከገደለ በኋላ ከራሱ የተቆረጠ ጠጉር ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ለኢትዮጵያ መንግሥት መለሰው። የልጁ የልዑል ዓለማየሁም ጠጉር በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ለአገሩ ሰዎች ተሰጠ። ዓለማየሁ በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንድሰር ተቀብሯል፤ ዐፅሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 እ.ኤ.አ. የሌሎቹን ሙታን ዕረፍት ሳያናጋ ማውጣት አይቻልም ሲል ሳይቀበለው ቀርቷል።

ብዙ ወጣት "የአባትና የልጁን ጠጉር አስተያይቶ መርምሮ ማረጋገጥ ነው" ሲል ሰምተናል። ነገሩ ቀላል አይደለም። ሥር የሌለው የተቆረጠ ጠጉር አብዛኛውን ጊዜ በደኅና የሚያስቀረው በእናት በኩል የሚወረሰውን ትንሹን ክፍል ነው። እንዲያ ከሆነ የቴዎድሮስ ጠጉር የሚናገረው ስለ ወይዘሮ አትጠገብ ነው፤ የዓለማየሁ ጠጉር ደግሞ ስለ እናቱ ስለ እቴጌ ጥሩወርቅ። አባትና ልጅ ቢሆኑም ሁለቱ ጠጉሮች በዚህ ክፍል አይመሳሰሉም፤ ያልገባው ሰው "ልጁ አይደለም" ብሎ ሊጮህ ይችላል። በዛሬው የረቀቀ ዘዴ ከጠጉርም ቢሆን የቀረውን ክፍል ማውጣት ተጀምሯል፤ ያም ቢሆን ከሰሎሞን መወለድን ወይም ኮሶ መሸጥን የሚያሳይ መሣሪያ የለም። የተሰደበችው እናት የዘር ምልክት በልጇ ጠጉር ላይ መቅረቱ ግን አስገርሞናል።

የሳይንስ ሊቃውንትም ይሳሳታሉ። በጋሞ ደጋ ከሞታ ዋሻ የተገኘው፥ ከ4,500 ዓመት በፊት የኖረው ሰው ዲ ኤን ኤ በጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. ሲታተም፥ ከአፍሪካ የተገኘ የመጀመሪያው ሙሉ የጥንት ሰው የዘር ጽሑፍ ነበርና ዓለም አጨበጨበ። በዚያው ጽሑፍ ከምዕራብ እስያ የተመለሰ ሕዝብ ዘር በመላው አፍሪካ ተሰራጭቷል የሚል ነገር ነበረበት። ጥቂት ወራት ቆይቶ በኮምፒዩተሩ ሥራ ላይ ስሕተት መገኘቱን ጸሐፊዎቹ ራሳቸው አስታወቁ፤ መላው አፍሪካ የተባለው ተሻረ። በግልጽ መናገራቸውን እናደንቃለን። ሞታ ዋሻ ቀዝቃዛ ደጋ ባይሆን ዲ ኤን ኤውም ባልተገኘ ነበር፤ ሙቀት ይበላዋልና። በሽንፋ ወንዝ ዳር በጆን ካፕልማን የሚመራው ቡድን ከ74,000 ዓመት በፊት በሱማትራ የፈነዳውን የቶባ እሳተ ገሞራ ደቃቅ አመድ፥ ከዓሣ አጥንትና ምናልባት የቀስት ጫፍ ከሆኑ ድንጋዮች ጋር አግኝቶ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። ወንዙ ሲደርቅ ከየኩሬው ዓሣ እየለቀመ ያን ክፉ ዘመን ያለፈ ሕዝብ ነበር። በዚያ ቆላ ሙቀት ግን ከእነርሱ የዘር ጽሑፍ ተርፎ ይገኛል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከባድ ነው።

ወዳጃችን ይህን ሁሉ ሰምቶ "ታዲያ ብልቃጧ ለምን ትጠቅመኛለች?" አለ። የመጀመሪያው መልስ መቶኛ ነው፤ "ይህን ያህል እጅህ ኢትዮጵያና ኤርትራ ነው" ይላል። ይህን ለማወቅ ምራቅ መትፋት ያስፈልግ ኖሯልን? ወሎን ከደምቢያ ለይቶ አይነግርም። ሊለይም ያስቸግራል፤ ከ60 በላይ ከሆኑ የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች የተውጣጡ ከ1,200 በላይ ሰዎች ተመርምረው በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፥ ጎረቤትና ባህል የተጋሩ ሕዝቦች ምን ያህል እንደ ተደባለቁ አሳይቷል። ሁለተኛው መልስ በዚያው ድርጅት ምራቃቸውን ከሰጡ ሰዎች መካከል የሚዛመዱህን ስም ይዘረዝራል። ዘመድህ ካልሰጠ ስሙ አይመጣም። ምራቁን የሚልከው ደግሞ በአብዛኛው የአሜሪካና የአውሮጳ ሰው ነው፤ የወሎ ገበሬ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። በውጭ አገር አሳዳጊ ወስዷቸው ያደጉ ኢትዮጵያውያን ልጆች እናታቸውን በዚህ መንገድ ሲፈልጉ ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት እንደ እነርሱ የተወሰደ ሌላ ልጅ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። መንግሥት ልጅን ለውጭ አገር አሳዳጊ መስጠትን በ2010 ዓ.ም. ከልክሏል፤ ቀድሞ የሄዱት ግን አድገው ይጠይቃሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርንለት። የተላከ ምራቅ አይመለስም። ከነዚህ ድርጅቶች ስመ ጥር የነበረው ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ በ2023 እ.ኤ.አ. የወደ ሰባት ሚሊዮን ደንበኞች መረጃ በሌቦች ተዘረፈበት፤ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከስሮ ለሽያጭ ቀረበ። የአንድ ሰው ዲ ኤን ኤ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የወንድሙም የእናቱም ነው። አባት የተባለው አባት ሳይሆን ሲቀር በሠላሳ ቀን ውስጥ በኮምፒዩተር የሚነግረው ሽማግሌ ነገሩን እንደ ጭልጋው ሰው አለዝቦ አይነግረውም።

በማግሥቱ ሣጥኗን ወደ ቦታዋ መልሰን ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛንና እናቱ ዘንድ ተቀመጥን። "እትዬ፥ የሚያስታውሱትን ሁሉ ይንገሩን" አልናቸው። "እኔ ምን አውቃለሁ፥ ልጅ ነበርኩ" አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ነገሩን። የአገራቸው ታቦት ሚካኤል ነው፤ ኅዳር 12 ቀን ሲነግሥ ወንዝ ተሻግረው ይሄዱ ነበር። ገበያው ቅዳሜ ነው። ከቤታቸው በላይ ቀይ ገደል አለ፥ ዝንጀሮ ይውልበታል። አባታቸውን ሰው በሁለት ስም ይጠራቸው ነበር፤ ሁለተኛውን ስም እስከዚያች ቀን ድረስ ለልጃቸው እንኳ ነግረው አያውቁም፥ ማንም አልጠየቃቸውምና። ሠፈራ ጣቢያው ሲመዘግባቸው ባሳደጓቸው ሴት ባል ስም ስለ ጻፋቸው፥ ከዚያ ወዲህ በወጣው ወረቀት ሁሉ የሌላ ሰው ልጅ ናቸው። በመጨረሻም እንደ ዋዛ፥ ሽሮ እያማሰሉ፥ "ታላቅ ወንድሜማ አክስቴ ዘንድ ቀርቶ ነበር፤ የአክስቴን ከብት ይጠብቅ ነበር" አሉ።

ብዕራችንን አስቀመጥን። ወንድም አለዎት እንዴ? "ነበረኝ። ይሙት ይኑር ማን ያውቃል።"

አብሮን የተማረ አንድ ልጅ በደቡብ ወሎ በአስተዳደር ሥራ ላይ አለ። ቅዳሜ ገበያ፥ ሚካኤል፥ ወንዝ፥ ቀይ ገደል፥ ሁለቱ የአባት ስሞች፤ ይህን ሁሉ በስልክ አነበብንለት። የቀበሌ ሊቀ መናብርትንና ቀሳውስትን ሲጠይቅ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። በአራተኛው ሳምንት ደወለ። ስሙ የሚገጥም፥ በ1977 እናቱና ታናሽ እኅቱ በመኪና ተጭነው የሄዱበት አንድ ገበሬ አለ። ትውልዱን እስከ ዘጠኝ ቤት ይቆጥራል። እኅቱ ሞታለች ብሎ ተዝካሯን አውጥቶላታል።

ይሁን እንጂ ያ የአባት ስም በዚያ አገር እንግዳ አይደለም፤ ሚካኤልም ብዙ ነው፤ በ1977 ልጁ የተጫነበት አባት፥ እኅቱ የተጫነችበት ወንድም ስንት እንደ ነበረ አንባቢ ያስበው። ሰውየው እውነተኛው ወንድም ከሆነ የእርሱ ዘጠኝ ቤት ከልጅቱ እናት ስድስት ቤት ጋር በሽማግሎቹ ፊት ይተያያል፤ ካልሆነ ግን ባዳ የባዳን ትውልድ ቆጥሮ ሰው አጋባ ማለት ይሆናል። እዚህ ላይ ነው የብልቃጧ ተራ የመጣው። ወንድምና እኅት ከዲ ኤን ኤያቸው ግማሽ ያህሉን ይጋራሉ፤ ይህን ምርመራው አይስተውም። ነገር ግን ብልቃጧ አንዲት ናት፥ የሚያስፈልጉት ሁለት ናቸው። ወዳጃችን ወደ ዋሽንግተን ጻፈ።

እትዬ ግን ስለ ብልቃጧ ብዙም ግድ የላቸውም። በመጨረሻው ማታ ስልኩን ከልጃቸው እጅ ወስደው ለዚያ ለወሎው ጓደኛችን፥ "ልጄ፥ ሰውየውን እንዲህ ብለህ ጠይቅልኝ" አሉት፤ "በግራ እግሩ፥ ከጉልበቱ በታች፥ ጅራፍ ሲያጮህ የወደቀበት የድንጋይ ጠባሳ አለው ወይ? ያሠርኩለት እኔ ነኝ፥ በእናቴ መቀነት።"